አዲስ ላፕቶፕ ለመስክ ጥናት፦ ዝግጅቱና ደኅንነቱ፣ ሰንበቴን በአብነት በመውሰድ

ሰንበቴ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ከተማ ናት። የምትገኘውም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል ነው። የእሑድ ገበያዋ ከባቲ የሰኞ ገበያ ጋር አብሮ ስሙ የሚነሣ ሲሆን፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይገናኙበታል። የቋንቋ፣ የንግድ፣ የግጦሽና የግጭት ጥናት የሚያካሂዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ አካባቢው የሚወርዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተማሪው ሲወርድ በአብዛኛው አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ይወርዳል። በድርሳኑ የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ግን ይህ መሣሪያ የሚወሳው «መረጃው በኮምፒዩተር ተጠናቅሯል» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ ዐረፍተ ነገር የምትደብቀው ሥራ ነው። አንድ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚዘጋጅበት መንገድ ከወራት በኋላ የሚሰበሰበው መረጃ ትክክለኛ ሆኖ መገኘቱን፣ ቃላቸውን የሰጡ ሰዎችም ከጉዳት መጠበቃቸውን በእጅጉ ይወስናል። ስለዚህ ዝግጅቱ የመካኒክ ሥራ ተብሎ ለሻጭ ወይም ለጓደኛ የሚተው ሳይሆን የጥናቱ ዘዴና የጥናቱ ሥነ ምግባር አካል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ትንታኔ ዊንዶውስ 11ን በተመለከተ የተጻፈ ቢሆንም አብዛኛው በማክም በሊኑክስም ላይ ይሠራል።

ከካርቶኑ እስከ መናኸሪያው

በአገራችን ገበያ «አዲስ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። ታሽጎ የመጣ፣ ከውጭ በጥቂቱ ያገለገለ፣ ታድሶ በአዲስ ካርቶን የገባ፣ ሁሉም በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። ልዩነቱን ከሚገልጡ ምስክሮች አንዱ ባትሪው ነው። ዊንዶውስ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣ ትእዛዝ አለው። በዘገባው ላይ ባትሪው ሲሠራ እንዲይዝ የታሰበው የኃይል መጠንና አሁን ሲሞላ የሚይዘው መጠን ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ ስንት ጊዜ እንደተሞላም ይቆጠራል። ሁለቱ መጠኖች ከተራራቁ ካርቶኑ የሚናገረው ሌላ፣ ባትሪው የሚመሰክረው ሌላ ነው ማለት ነው። ይህን ምርመራ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማድረግ ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሻጩ «ሁሉን ነገር ጭኜልሃለሁ» የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጫነው ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌርና እርሱን ሕጋዊ አስመስሎ የሚያነቃ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህ ትንሽ ፕሮግራም እንዲሠራ የኮምፒዩተሩ መከላከያ መጥፋት አለበት፤ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ መብራቱን የሚያረጋግጥ የለም። ፕሮግራሙን ማን እንደሠራው፣ ምን ተጨማሪ ነገር እንደያዘም አይታወቅም። የተሻለው መንገድ ሥርዓተ ክወናውን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ እንደገና ማስጀመር፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሥራም ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ካለው በእርሱ፣ ከሌለው ደግሞ በነጻ በሚገኘው ሊብረኦፊስ መጠቀም ነው። ሊብረኦፊስ የአማርኛ ገጽታም አለው።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል። ርካሽ የሆነ አሮጌ ማሽን የሚገዛ ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት፤ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ የቆዩ ማሽኖች ወደ እርሱ መሸጋገር አይችሉም። የደኅንነት ማሻሻያ ያልደረሰው ማሽን ምን እንደሚያጋጥመው በ2009 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን ሲነሣ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር፤ መጋቢት 5 ቀን ነበር የወጣው። ጉዳቱ የደረሰው ማሻሻያውን ባልጫኑት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የቦታው ጉዳይ ይመጣል። የዊንዶውስ 11 የቤት እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የኢንተርኔት ግንኙነትና የማይክሮሶፍት መለያ ይጠይቃል፤ ካላገኘ በዚያው ገጽ ላይ ይቆማል። ታሽጎ ሰንበቴ የደረሰ ላፕቶፕ እዚያ ኔትወርክ ከሌለ ሳይከፈት ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሲታወስ ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። የመጀመሪያው ማሻሻያ ደግሞ በርካታ ጊጋባይት ስለሚሆን በስልክ ጥቅል ማውረድ ኪስን ያራቁታል። ስለዚህ ማስጀመሪያው፣ ማሻሻያው፣ የፕሮግራሞቹ ጭነት፣ የቁልፍ ሰሌዳው፣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ማለቅ አለበት። መስክ ላይ ከስልክ ኢንተርኔት ሲጋሩ ግንኙነቱን «በመጠን የሚከፈልበት» ብሎ መመደብ ማሽኑ በድብቅ ጥቅሉን እንዳይበላው ይረዳል።

የተጠቃሚ መለያዎችም ሁለት ቢሆኑ መልካም ነው፤ አንዱ ፕሮግራም የመጫን ሥልጣን ያለው፣ ሌላው ያለ ሥልጣን የዕለት ሥራ የሚሠራበት። በዕለት መለያው ላይ እያሉ የገባ ጎጂ ፕሮግራም ሥርዓቱን ለመለወጥ ሲሞክር የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ያ ጥያቄ ሳይጠበቅ ሲመጣ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ቀን፣ ሰዓትና ፊደል

በውጭ አገር የተጻፉ የላፕቶፕ መመሪያዎች ይህን ክፍል በሁለት መስመር ያልፉታል፤ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ያለው እዚህ ነው።

አንድ ተማሪ በሰንበቴ ገበያ የእህል ዋጋ መዘገበ እንበል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. እሑዶቹ 3፣ 10፣ 17 እና 24 ናቸው። ላፕቶፑ ሲከፈት በአሜሪካ እንግሊዝኛ ተዋቅሯል፤ ማንም አልነካውም። ተማሪው በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ እንደ ልማዱ ቀንን፣ ወርን፣ ዓመትን በማስከተል 3/6/2016 ብሎ ይጽፋል። ኤክሴል ይህን የሚያነበው በአሜሪካውያን ልማድ፣ ወሩን አስቀድሞ ነው፤ እንዲህም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ማርች 6 ቀን 2016 ይሆናል። ቀጣዩ እሑድ 10/6/2016 ኦክቶበር 6 ቀን 2016 ይሆናል። 17/6/2016 እና 24/6/2016 ግን 17ኛና 24ኛ የሚባል ወር ስለሌለ ቀን መሆናቸው ይቀርና ተራ ጽሑፍ ሆነው ይቀመጣሉ። በአንድ ወር ውስጥ ያሉ አራት ገበያዎች ሁለቱ በሰባት ወር ተራርቀው፣ ሁለቱ ከነጭራሹ ከቀን መቁጠሪያው ወጥተው ተገኙ። ኮምፒዩተሩ ግን ምንም ስሕተት አለ አላለም።

የሚገርመው ማርች 6 ቀን 2016 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እሑድ መዋሉ ነው። ተማሪው ጠንቃቃ ሆኖ «የተመዘገበው ቀን እሑድ ነውን?» ብሎ የመጀመሪያውን መስመር ቢፈትሽ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ያገኛል። ጳጉሜንም የራሷ ፈተና አላት፤ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ስትጻፍ 3/13/2016 ትሆናለች፣ ኤክሴልም ያለማመንታት ወደ ማርች 13 ይወስዳታል። አሥራ ሦስተኛዋ ወር እንዲህ ሆና ጠፍታ በመጋቢት ዋጋ ላይ ትደመራለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሠንጠረዡ ከመሞላቱ በፊት መደረግ ግን አለበት። ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር ይጻፋሉ። በአራተኛ ዓምድ የጎርጎርዮሱ አቻ ዓመትን አስቀድሞ፣ ወርን አስከትሎ፣ ቀንን በመጨረሻ ይቀመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ለፋይል ስምም የተሻለ ነው፤ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ በዘመን ይደረደራሉና።

ሰዓቱም ተመሳሳይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተደረገ ቃለ መጠይቅ በድምፅ መቅጃው ላይ 9፡00 ተብሎ ይመዘገባል፤ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ግን 3፡00 ነው። አንዳንዶች ይህን ለማስታረቅ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ ዓመቱንም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጡ አሉ። ውጤቱ ያልጠበቁት ነው። የኢንተርኔት ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በተወሰነለት የምስክር ወረቀት ነው። ዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት ወደ ኋላ ከተመለሰ አሳሹ የምስክር ወረቀቱን ገና ያልጸና አድርጎ ስለሚቆጥረው ገጹን አልከፍትም ይላል። በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጠውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚያመነጨው ፕሮግራምም የሚሠራው በሰዓት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ መሣሪያው ላይ ያለው ሰዓት ሐሰት ከሆነ ቁጥሩም ሐሰት ይሆናል። ትክክለኛው ቅንብር ከዓለም አቀፉ መነሻ ሦስት ሰዓት የሚቀድመው ቀጣና ነው፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው በናይሮቢ ስም ነው። (በኢትዮጵያ ሰዓት ካላየሁ የሚል ሰው ሰዓቱን ሳይሆን ቀጣናውን ወደ ብዌኖስ አይረስ ቢቀይር የፈለገውን ያገኛል፤ ለጋራ ጥናት ግን አይመከርም።)

ፊደሉን በተመለከተ የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ማሽኑ ውስጥ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቋሚ ቦታ አግኝቷል፤ ዊንዶውስም ከቪስታ እትም ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የፊደል ገጽ ይዞ መጥቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ በእነርሱ የተጻፈ ጽሑፍ የፊደል ገጹ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆናል። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤቶች የቆዩ ሰነዶች በዚህ መልክ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ተመራማሪው የቆየውንም መጻፊያ ይዞ መውረዱ ይጠቅመዋል፤ የራሱን ጽሑፍ ግን በዩኒኮድ ብቻ ይጻፍ።

በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ቁቤም ያስፈልጋል። ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ምንም ዝግጅት የማይሻ ይመስላል። ችግሩ ግን ከሁድሃ ላይ ነው፤ ፍየልን በሚጠራው «ሬኤ» ወይም ጥቅምን በሚጠራው «ቡኣ» ውስጥ አናባቢዎቹን የሚለያያት ያች ትንሽ ጭረት ናት። ወርድ ጭረቷን በራሱ ፈቃድ ወደ ጎባጣ ጥቅስ ምልክት ይለውጣታል፤ በስልክ ወይም በሌላ ጽሑፍ አዘጋጅ የተጻፈው ግን ቀጥ ብላ ትቀራለች። ለዓይን አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የቃላት ድግግሞሽ የሚቆጥር ፕሮግራም አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። የወርድን ራስ ሰር ጥቅስና ራስ ሰር እርማት በመጀመሪያው ቀን ማጥፋት ይህን ያስቀራል። አማርኛም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው፤ አራት ነጥብን በአንድ ቁልፍ የሚጽፍ አለ፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደግሞ አራት ነጥብ የሚያስመስልም አለ። ዐረፍተ ነገር ቆጣሪው ሁለተኛውን አያውቀውም።

ሙቀት፣ አቧራ፣ መብራት

ወደ ሰንበቴ የሚወስደው መንገድ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባለው በጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሆነው የሙቀት ለውጥ ለሰው ኮት ማውለቂያ ነው፤ ለብረት ግን ሌላ ነገር ነው። በብርድ የቀዘቀዘ መሣሪያ ሞቃትና እርጥበት ያለው አየር ሲነካው ላዩ ላይና ውስጡ ላይ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ እንደደረሱ ወዲያው ከቦርሳው አውጥቶ ማብራት አይገባም፤ በተዘጋ ቦርሳ ውስጥ እንዳለ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ይሻላል። የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ውጫዊ ማከማቻ ደግሞ በጉዞ ላይ ፈጽሞ አይከፈት። የዲስኩ አንባቢ ጫፍ በስስ የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ የሚሠራ በመሆኑ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሥራ ከፍታውን በ3,000 ሜትር አካባቢ ይወስኑታል፤ የመኪናው መንገጫገጭም ተጨምሮበት።

አፕል ለማክቡክ የሚሰጠው የሥራ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ የሌሎች አምራቾችም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቆላ ቀን ከዚህ ወሰን ጋር ይጋፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከውጭው በብዙ ይበልጣል። ላፕቶፕን በገበያ ቀን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ከሌባ ይልቅ ለባትሪው ያስፈራል። የሊቲየም ባትሪን የሚያስረጁት ሁለት ነገሮች ሙቀትና ሙሉ ሆኖ መክረም ናቸው። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚውል ማሽን ካለ መሙያውን 80 በመቶ ላይ የሚገታ ቅንብር በብዙ ሞዴሎች ላይ ይገኛል፤ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ግን ወደ መስክ በሚወጡበት ዕለት ሙሉውን መሙላት የግድ ነው። አልጋና ፍራሽ ላይ ማስቀመጥ የአየር ማስገቢያውን ይደፍናል፤ የእሑድ ገበያ አቧራም እንዲሁ።

የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የመብራት መድከም ያን ያህል አይጎዳውም። የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ መሰካት ምንም ወጪ የሌለው ጥበቃ ነው። የባትሪ አቅም የሚሰላው በዋት ሰዓት ነው፤ 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ10 ዋት የሚሠራን ማሽን አምስት ሰዓት ያቆያል። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ከሁሉ የበለጠ ያተርፋል። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ በመተላለፊያው የሚባክነው ተቀንሶ ላፕቶፕን አንድ ጊዜ ያህል ይሞላል። ስልክ ብቻ የሚሞላ ፓወር ባንክ ግን ለላፕቶፕ አይሆንም፤ በዩኤስቢ ሲ በኩል ላፕቶፑ የሚጠይቀውን ዋት መስጠት መቻሉ ሲገዛ መታየት አለበት።

የሰዎች ቃል

በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው፣ በዞኑ ውስጥም በተከሰተው ግጭት የሰው ሕይወት አልፏል፣ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ተመራማሪ፣ ርእሱ የማሽላ ዋጋ ቢሆን እንኳ፣ ስለዚያ ነገር መስማቱ አይቀርም። አንድ ሰው ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ብሔረሰቡንና ያየውን ተናግሮ ድምፁ ላፕቶፑ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ የላፕቶፑ መጥፋት የዕቃ መጥፋት ብቻ አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ፣ የብሔር ማንነትን፣ ሃይማኖትንና የፖለቲካ አመለካከትን ጨምሮ፣ የተለየ ጥንቃቄ በሚሹት መካከል ይመድበዋል። የይለፍ ቃል ብቻውን ይህን ጥንቃቄ አያሟላም። የይለፍ ቃል በሩን ይዘጋል እንጂ ግድግዳውን አይሠራም፤ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ማሽን ላይ ከተሰካ ሁሉም ይነበባል። ግድግዳው ምስጠራ ነው። በዊንዶውስ ቢትሎከር ወይም የመሣሪያ ምስጠራ፣ በማክ ፋይልቮልት ይባላል። ሲበራ 48 አኃዝ ያለው የማስመለሻ ቁልፍ ይሰጣል (ይህ አኃዝ የዊንዶውሱ ነው)፤ ማሽኑ ሲጠገን ወይም መሠረታዊ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ቁልፉ ሊጠየቅ ይችላል። ቁልፉ በወረቀት ታትሞ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ፣ ቢቻል በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ። ቁልፉ ከጠፋ መረጃው ለሌባው እንደተዘጋ ለባለቤቱም ይዘጋል። ምስጠራው ሙሉ በሙሉ የሚጠብቀው ማሽኑ ጠፍቶ እያለ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ መንገድ ላይ ክዳኑን ገጥሞ ማሸለብ ብቻ ሳይሆን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ስምን በመለያ ቁጥር መተካት የተለመደ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ከሚታሰበው ይልቅ ይከብዳል። ተመራማሪው «ሐሰን» የሚለውን ፈልጎ በቁጥር 07 እንዲተካ ያዛል። ፕሮግራሙ «12 ተተክተዋል» ይላል። በሦስት ቦታ «ሀሰን»፣ በአንድ ቦታ ደግሞ «ሓሰን» ተብሎ የተጻፈው ግን እንዳለ ይቀራል፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ሌላ ሌላ ናቸው። ያ አንድ የቀረ ስም በድርሳኑ አባሪ ውስጥ ታትሞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ስም የአጻጻፍ ዓይነቶች መዘርዘር፣ ከተተካም በኋላ ጽሑፉን በሰው ዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝርም በዚያው ማሽን ላይ፣ በዚያው አቃፊ ውስጥ መቀመጡ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ፍላሽ ዲስክ ሌላው በር ነው። በፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤቶች የሚዞረው የታወቀ ትል በፍላሹ ላይ ያሉትን አቃፊዎች ይሰውርና በየስማቸው አቋራጭ ይተካል። ተጠቃሚው አቋራጩን ሲጫን ትሉ ይሠራል፣ አቃፊውም ይከፈታል፤ ስለዚህ ምንም ያልሆነ ይመስላል። የአቃፊው ምስል ላይ ትንሽ ቀስት መታየቷ ምልክቱ ነው። በዊንዶውስ የፋይል ዓይነት መግለጫውን ሁልጊዜ እንዲታይ ማድረግ ብዙዎቹን ያጋልጣል። ለማተሚያ ቤት የሚሰጥ ፍላሽ ለዚያ ብቻ የተለየ ሆኖ፣ የሚታተመው አንድ ፋይል ብቻ ቢኖርበት ይመረጣል።

ከትሎቹ የሚከፋው በሰውየው ልክ ተሰፍቶ የሚላከው ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በኅዳር 2010 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችና ሌሎች ሰዎች በኢሜይል የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከባቸው ገልጿል። ከተላከባቸው መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ይገኝበታል፤ አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ የሕግ ባለሙያም ነበሩ። ሶፍትዌሩ የመጣው ለቪዲዮ ማያ የሚያስፈልግ የአዶቢ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ ነው። ከጉዳዩ ፖለቲካ ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው አሠራሩ ነው፦ ማሻሻያ ከፕሮግራሙ ራሱ ወይም ከሥርዓተ ክወናው እንጂ በደብዳቤ ውስጥ ባለ ማስፈንጠሪያ አይመጣም። መሻሻልን የለመደ ሰው «አሻሽል» የሚለውን ሁሉ ይጫናል፤ ወጥመዱ የተሠራው በመልካም ልማድ ላይ ነው።

የኢሜይል መለያ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠበቅ፤ ሁለተኛው ደረጃ ግን በአጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ባለቤቱ ራሱ ውጭ ይቀራል። ከላይ የተጠቀሰው ቁጥር አመንጪ ፕሮግራም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። የመጠባበቂያ ኮዶቹም በወረቀት ላይ ታትመው ከማስመለሻ ቁልፉ ጋር ይቀመጡ።

ሦስት ቅጂ፣ አንድ መንገድ

የመጠባበቂያ ቅጂ ደንብ በሰፊው የታወቀ ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። የሚያከራክረው «ሌላ ቦታ» የሚለው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ከባድ ጉዳትም ደርሶበታል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ጦርነቱ በዚያው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዶ ከሚሴን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሷል። በዚያ ጊዜ አንዱን ቅጂ ሰንበቴ፣ ሁለተኛውን ከሚሴ፣ ሦስተኛውን ደሴ ያስቀመጠ ተመራማሪ ቢኖር ደንቡን በቃሉ ጠብቆታል፤ ሦስቱም ቅጂዎች ግን በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ አደጋ እጅ ውስጥ ነበሩ። ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን አንድ ክፉ ነገር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት በመቻሉና ባለመቻሉ ነው።

ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከመንገዱ ውጭ መውጣት አለበት። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት በመጀመሪያ የሚላከው ጽሑፉና ሠንጠረዡ ይሁን፤ የአንድ ወር ማስታወሻ ከአንድ ሰዓት ድምፅ ያነሰ ቦታ ይይዛል። ድምፁ ከከበደ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ በሚታመን ባልደረባ እጅ የተመሰጠረ ትንሽ የማከማቻ ካርድ መላክ ይቻላል፤ የሚከፍተው የይለፍ ቃል ግን በሌላ መንገድ፣ በስልክ ይነገር። ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ከላፕቶፑ ጋር እንደተሰካ የሚውለውን ዲስክም አብሮ ስለሚቆልፍ፣ ውጫዊው ዲስክ ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል።

ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። በየሳምንቱ፣ ለምሳሌ ሰኞ ማለዳ የእሑዱ ገበያ መረጃ ከገባ በኋላ፣ ከውጫዊው ዲስክ አንድ የድምፅ ፋይልና አንድ ሠንጠረዥ በዘፈቀደ መርጦ በሌላ ማሽን ላይ መክፈት፣ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ደቂቃ ወስዶ ማዳመጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉ ካልተከፈተ ባለ ቃሉ ገና ከከተማው አልወጣም፤ መቅጃውም ገና አልተሰረዘም።